ሲክሊዶችን በእንቁላል አስተቃቀፋቸው የለዩት ኤተልዊን ትሬዋቫስ

ኤተልዊን ትሬዋቫስ የአፍሪካን ሐይቆችና ወንዞች ዓሦች ካጠኑ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት መካከል ስማቸው ከፊት ከሚጠሩት አንዷ ናቸው። በቤቱ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ የአፍሪካ ሲክሊድ የሚያረባ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በየቀኑ እሳቸው ባወጧቸው ስሞች ይገለገላል። ሜላኖክሮሚስ፣ ላቢዶክሮሚስና ፔትሮቲላፒያ የተባሉትን ወገኖች በ1935 የሰየሙት እሳቸው ናቸው። በአገራችን ቆሮሶ የምንለው ዓሣም ከብዙ የስም መለዋወጥ በኋላ ኦሬዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ተብሎ በዓለም ዙሪያ መጠራት የጀመረው በእሳቸው ሥራ ምክንያት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚከታተለው በአንድ ጥያቄ በኩል ነው። በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ አንድ መስለው የሚታዩ ሁለት ዓሦች የተለያዩ ዝርያዎች ይሁኑ ወይስ የአንድ ዝርያ ተባዕትና እንስት በምን ይታወቃል? ጥያቄው ለሙዚየም ሠራተኛ ብቻ የሚተው አይደለም። የኩሬ ዓሣ አርቢ ምርት የሚወሰነው፣ የመስተዋት ገንዳ ባለቤት ድካም ፍሬ የሚያፈራው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ሐይቅ የተፈጥሮ ዓሣ ሳይደባለቅ የሚቆየው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ዝርያ ስንል እርስ በርሱ በተፈጥሮ የሚራባውን ቡድን፣ ወገን ስንል ደግሞ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፈውን ከፍ ያለ ምድብ ማለታችን ነው።

ከኮርንዎል እስከ ለንደን

ትሬዋቫስ ኅዳር 5 ቀን 1900 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል አውራጃ፣ ፔንዛንስ በተባለች የወደብ ከተማ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በሬዲንግ ተከታትለው ለጥቂት ጊዜ በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ ወደ ለንደን መጡ። በዚያም በብሪታንያ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ከነበሩት ከታላቁ የዓሣ ሊቅ ከቻርልስ ቴት ሬጋን ጋር ተገናኙ። ሬጋን በ1922 የኒያሳ ሐይቅን፣ ማለትም የዛሬውን የማላዊ ሐይቅ፣ ሲክሊዶች አጥንተው ያሳተሙ ሰው ስለነበሩ የትሬዋቫስ የኋላ ዕጣ ከዚህ ግንኙነት የተቀዳ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የጋራ ሥራቸው ግን ስለ አፍሪካ አልነበረም። ዳና የተባለችው የዴንማርክ የምርምር መርከብ ከውቅያኖስ ጥልቀት ያወጣቻቸውን ዓሦች ሲመረምሩ ቆይተው በ1930 እና በ1932 ሁለት ትልልቅ ጥናቶችን በጋራ አሳተሙ። ከእነዚህ አንዱ የጥልቅ ባሕር አጥማጅ ዓሦችን የሚመለከት ነበር። በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ተባዕቱ እጅግ ትንሽ ሲሆን በአንዳንዶቹ ዝርያዎች በእንስቷ ገላ ላይ ነክሶ ተጣብቆ፣ ሥጋው ከሥጋዋ ተዋህዶ ይኖራል። ይህን አስቀድመው በ1925 የገለጡት ሬጋን ናቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነቱ ተለጣፊ የእንስቷ ግልገል ተደርጎ ተወስዶ ነበር። የትሬዋቫስን የኋላ ሥራ ለሚያነብ ተመራማሪ ይህ አጋጣሚ ትርጉም ያለው ይመስለኛል። ተባዕት እንደ ልጅ፣ ወይም እንደ ሌላ ዝርያ፣ ሊቆጠር እንደሚችል በሥራቸው መነሻ ላይ ያዩ ሰው በአፍሪካ ሐይቆች የመልክ ብዛት በቀላሉ የሚታለሉ አይሆኑም።

በ1933 ስለ እንቁራሪቶች የምላስ ሥር አጥንትና የድምፅ ሳጥን ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የአካል መዋቅር ዕውቀታቸው ከዓሣ ያለፈ እንደነበረ ያሳያል። በሙዚየሙ ቋሚ የረዳት ኃላፊነት ማዕረግ ያገኙት ግን በ1935 ነው፤ ሴቶች በቋሚ የሳይንስ ሥራ ላይ እምብዛም በማይታዩበት ዘመን።

ቀለም የማይቀርበት ጠርሙስ

ሲክሊዶች ቁጥራቸው እጅግ የበዛ የጨው አልባ ውኃ ዓሦች ቤተሰብ ናቸው። በማላዊ፣ በታንጋኒካና በቪክቶሪያ ሐይቆች በእያንዳንዳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ሲኖሩ አብዛኞቹ ከዚያው ሐይቅ በስተቀር ሌላ ቦታ አይገኙም። ትሬዋቫስ በ1935 ያሳተሙት የኒያሳ ሐይቅ ሲክሊዶች ማጠቃለያ የተመሠረተው በአመዛኙ ካትበርት ክሪስቲ በ1925 እና በ1926 ሰብስበው ወደ ለንደን በላኩት ክምችት ላይ ነው። ሰብሳቢው ሐኪምና ተጓዥ የነበሩ ሲሆን ዓሦቻቸው በአግባቡ ተለይተው ስም ሲወጣላቸው ለማየት አልታደሉም። በ1932 በኮንጎ ጎሽ ወግቶ ገደላቸው።

የምደባ ሠራተኛው ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ዓሣው በፎርማሊንና በአልኮል ሲቆይ ሰማያዊው፣ ቢጫውና ቀዩ ቀለም ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥቁሩና ቡናማው ብቻ ነው። በማላዊ ሐይቅ ድንጋያማ ዳርቻ የሚኖሩት ሲክሊዶች ግን ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በዚያ በጠፋው ቀለም ነው። ስለዚህ ትሬዋቫስ በጥርስ አደራደር፣ በመንጋጋ ቅርፅ፣ በጉሮሮ አጥንትና በቅርፊት ቁጥር ላይ መደገፍ ነበረባቸው። ያወጧቸው ወገኖች እስከ ዛሬ መቆየታቸው የዚያ ትዕግሥት ውጤት ነው።

ሜላኖክሮሚስ ኦራተስ የተባለውን ዓሣ ለምሳሌ እንውሰድ። ዝርያውን በ1897 የገለጹት ጆርጅ ቡሌንገር ሲሆኑ፣ ዛሬ የሚመደብበትን ወገን ያቋቋሙት ትሬዋቫስ ናቸው። እንስቷና ግልገሎቹ ደማቅ ቢጫ ሆነው ጥቁር መስመር አላቸው። ግዛት የያዘው ተባዕት ደግሞ የእነሱ ግልባጭ ነው፤ ገላው ይጠቁርና መስመሮቹ ይፈዝዛሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን በአንድ ገንዳ ውስጥ ቢያይ ሁለት ዝርያ ገዛሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በሌላ ተባዕት የተሸነፈ ተባዕት ቀለሙን ደብቆ እንስት መስሎ መኖሩ ነው። በመሆኑም ጾታን በቀለም ብቻ መለየት ትልቁ ዓሣ በገንዳው ውስጥ እስካለ ድረስ አስተማማኝ አይደለም። አስተማማኙ ምልክት ከሆዱ በታች የሚገኘው የመራቢያ ቀዳዳ ነው። በቆሮሶ ዘመዶች ዘንድ በጥንቃቄ ለሚያይ ሰው ተባዕቱ ሁለት፣ እንስቷ ሦስት ቀዳዳ አላቸው። የእንስቷ ተጨማሪ ቀዳዳ እንቁላል የሚወጣበት ነው።

ትሬዋቫስ የሚያጠኗቸውን ዓሦች በሕይወት ያዩት በ1938 እና በ1939 በተደረገው የኒያሳ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ጥናት ላይ በተሳተፉ ጊዜ ነው። የዚህ ጥናት ዘገባ፣ ከበርትራምና ከቦርሊ ጋር የጻፉት፣ በ1942 ታተመ። ጥናቱ የተጀመረው ለሳይንስ ብቻ አልነበረም። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ የሚበላውና የሚሸጠው ቻምቦ የተባለ ዓሣ ምን ያህል ሊጠመድ ይገባል የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልግ ነበር። በ1941 ትሬዋቫስ በአንድ ስም ሲጠሩ ከነበሩት የሐይቁ የቆሮሶ ዘመዶች መካከል ሊዶሌንና ካሮንጌን ለይተው ገለጹ። በመቀጠል ከ1945 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የሠሩት ሮዝሜሪ ሎው፣ ቻምቦዎቹ ከሁሉ የበለጠ የሚለያዩት በመራቢያ ወቅት በተባዕቱ ቀለም፣ እንዲሁም በሚራቡበት ጊዜና ጥልቀት መሆኑን አሳዩ። ከመራቢያ ወቅት ውጭ የተያዘን ዓሣ እነዚያኑ ሊቃውንት እንኳ ለመለየት ይቸገሩ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ዝርያን የሚለየው መስመር በአጥንት ላይ ሳይሆን በመራባት ሥርዓት ላይ ሊሰመር መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ሊዶሌ የሚለው ስም ከሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ቋንቋ መወሰዱ ነው።

በማላካ የተወለዱት ተባዕት ዓሦች

የትሬዋቫስን ሙያ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ታሪክ የተፈጸመው ከአፍሪካም ከእንግሊዝም ርቆ፣ በማላያ ምድር ነው።

የሞዛምቢክ ቆሮሶ በ1939 በጃቫ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ተገኘ። በምን መንገድ እንደደረሰ ግን በእርግጠኝነት የተመዘገበ ነገር የለም። ከዚያም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ኩሬዎች ሁሉ ተሠራጨ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ይህ ዓሣ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ አካሉም ሳይደረጅ ይራባል። እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ስለምታቅፍ ከግልገሎቿ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። አርቢው የጨመራቸው ጥቂት ዓሦች በአንድ ዓመት ውስጥ ኩሬውን በማያድጉ ድንክ ዓሦች ይሞሉታል። መፍትሔው አንድ ጾታ ብቻ፣ በተለይም ፈጥነው የሚያድጉትን ተባዕት ዓሦች፣ ኩሬ ውስጥ መጨመር ነበር። ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሦችን አንድ በአንድ በእጅ ይዞ ጾታቸውን መለየት አድካሚ ነው፤ በስሕተት የገቡ ጥቂት እንስቶችም ሥራውን ሁሉ ያፈርሳሉ።

በማላካ የምርምር ጣቢያ የሠሩት ሂክሊንግ በ1960 አስገራሚ ውጤት አሳተሙ። ከጃቫ የመጣችውን እንስት ከዛንዚባር ከመጣው ተባዕት ጋር ባዳቀሉ ጊዜ የተወለዱት ግልገሎች በሙሉ ተባዕት ሆኑ። የማዳቀሉ አቅጣጫ ሲገለበጥ፣ ማለትም እንስቷ ከዛንዚባር ተባዕቱ ከጃቫ ሲሆኑ፣ ለአንድ እንስት ሦስት ያህል ተባዕት ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ የአንድ ዝርያ፣ የሞዛምቢክ ቆሮሶ፣ ሁለት የዘር ሐረጎች እንደሆኑ ይታመን ነበር። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ውጤቱ እንቆቅልሽ ነው።

መልሱ የመጣው ከለንደን ነው። ትሬዋቫስ ወደ ምሥራቅ የሚፈስሱትን የአፍሪካ ወንዞች ዓሦች መርምረው በ1966 ባሳተሙት ጥናት የዛንዚባሩ ዓሣ የሞዛምቢክ ቆሮሶ አለመሆኑን አሳዩ። መነሻው የታንዛኒያው የዋሚ ወንዝ የሆነ፣ ራሱን የቻለ ዓሣ መሆኑን አስረድተውም ሆርኖረም የሚል ስም ሰጡት። በኋላ ዩሮሌፒስ የተባለው ዝርያ ንዑስ ክፍል ሆኖ ተመድቧል። ስለዚህ በማላካ የተፈጸመው የዘር ሐረጎች መቀላቀል ሳይሆን በሁለት ዝርያዎች መካከል የተደረገ ድቀላ ነበር። የጾታ አወሳሰን ጥናትም የቀረውን አብራራ። በሞዛምቢኩ ዓሣ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞሶም የሚይዘው ተባዕቱ ሲሆን፣ በዋሚው ዓሣ የምትይዘው እንስቷ ናት። ሁለቱ ሥርዓቶች ሲገናኙ በአንዱ አቅጣጫ ተባዕት ብቻ፣ በሌላው ሦስት ለአንድ መውጣቱ በሒሳብ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ብዙ ጊዜ አይነሳም። ተባዕት ብቻ የሚያስገኘው ድቀላ የሚሠራው ሁለቱም ወላጆች ንጹሕ ሲሆኑ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ቀድሞ ከሌላው ጋር ተዳቅሎ ከሆነ እንስቶች ብቅ ይላሉ። በብዙ ጣቢያዎች ዘዴው እየዋለ ሲያድር የተበላሸውም ወላጆቹ ሳይለዩ በመደባለቃቸው ነው። ዓሦቹን የሚለየው ሰው ስሕተት በቀጥታ በኩሬው ባለቤት ላይ ይደርሳል።

እንቁላሉን የሚያቅፈው ማን ነው?

ትሬዋቫስ በ1961 ጡረታ ወጡ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የምክትል ኃላፊነት ማዕረግ አግኝተው ነበር። ነገር ግን ትልቁ ሥራቸው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በ1973 ባሳተሙት ጥናት ቲላፒያ ተብሎ ይጠራ የነበረውን ሰፊ ወገን ለሁለት ከፈሉት። እንቁላላቸውን በጠጠር ወይም በጎድጓዳ መሬት ላይ ጥለው ሁለቱም ወላጆች የሚጠብቁት በቲላፒያ ስም ቀሩ። እንቁላላቸውን በአፋቸው የሚያቅፉት ወደ ሳሮቴሮዶን ተዛወሩ። ሳሮቴሮዶን የሚለው ስም አዲስ አልነበረም። በ1852 ያወጡት በ1830ዎቹ ጎንደርና ጣና ድረስ ተጉዘው የነበሩት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ናቸው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ሁለተኛው ክፍፍል መጣ። በአፋቸው ከሚያቅፉት መካከል እንስቷ ብቻ የምታቅፋቸው ዝርያዎች ኦሬዮክሮሚስ ተባሉ። አባትየው ብቻ ወይም ሁለቱም የሚያቅፉባቸው ግን በሳሮቴሮዶን ቀሩ። የተሟላው ማስረጃ በ1983 በሙዚየሙ በታተመው ትልቅ መጽሐፍ ቀረበ። መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ሲሆን ሲታተም ደራሲዋ ሰማንያ ሁለተኛ ዓመታቸውን ጨርሰው ነበር።

ተቃውሞ አልጠፋም። በዘመኑ ሌላው ታላቅ የዘርፉ ሊቅ፣ ቤልጂጋዊው ቴይስ ቫን ደን ኦደናርዴ፣ ሁሉንም በቲላፒያ ሥር ይዞ በንዑስ ወገን መከፋፈልን መርጠው ነበር። ጠባይ በጠርሙስ ውስጥ አይገኝም፤ ናሙናውን የያዘ ተመራማሪ ዓሣው እንቁላሉን የት እንዳቀፈ ሊያይ አይችልም የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። የትሬዋቫስ አካሄድ ግን ጠባይን ብቻውን መስፈርት ማድረግ አልነበረም። የመራባት ሥርዓቱ ከጉሮሮ አጥንት፣ ከጥርስና ከሌሎች የአካል ምልክቶች ጋር ተያይዞ እንደሚሄድ ነበር ያሳዩት። ከእሳቸው ሞት በኋላ የመጣው የዘረመል ጥናት ኦሬዮክሮሚስን በአመዛኙ አጽንቶለታል። ቲላፒያ ብለው የተዉት ወገን ግን በ2013 ደንዝና ሽሊዌን ባሳተሙት ጥናት ለብዙ ወገኖች ተከፋፍሏል። ወደ ዝዋይ ሐይቅ ገብቶ የሚገኘው ዚሊ የተባለው ዓሣ ዛሬ ኮፕቶዶን የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኔ ግምት ትሬዋቫስ የተሳካላቸው እናት ብቻ የምታቅፈውን ቡድን በመለየት ሲሆን፣ መሬት ላይ የሚጥሉትን አንድ አድርገው መተዋቸው ጥያቄውን ለተከታዮቻቸው ያስተላለፈ ነው።

ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ የሥራ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይጠቅማል። ከ1973 በፊት ቲላፒያ ኒሎቲካ፣ ከ1973 እስከ 1982 ሳሮቴሮዶን ኒሎቲከስ፣ ከዚያ ወዲህ ኦሬዮክሮሚስ ኒሎቲከስ እየተባለ የተጻፈው አንድ ዓሣ ነው። በአንዱ ስም ብቻ የቆዩ ጽሑፎችን የሚፈልግ ሰው የአገራችንን ሐይቆች ጥናት ገሚሱን ሳያይ ያልፋል።

የስሙ ለውጥ ለገንዳ ባለቤትም መመሪያ ሆነ። ዓሣው ኦሬዮክሮሚስ ከተባለ፣ ተባዕቱ መሬት ቆፍሮ መድረክ እያዘጋጀ ብዙ እንስቶችን የሚጠራ፣ ከተዳራ በኋላ ግን ለግልገሉ ደንታ የሌለው ነው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ተባዕት ለብዙ እንስቶች ይመደባል፤ አንድ ለአንድ ማድረግ እንስቷን ለማያቋርጥ ድብደባ መስጠት ነው። የማላዊ ሐይቅ የድንጋይ ሲክሊዶችም በዚሁ ሥርዓት ይኖራሉ። እንስቷ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ምግብ ሳትበላ እንቁላሏንና ግልገሏን በአፏ ትይዛለች፤ በዚህ ጊዜ የሚያሳድዳት ተባዕት ካለ ልትተፋቸው ወይም ልትውጣቸው ትችላለች። በአንጻሩ መሬት ላይ ለሚጥሉትና ሁለቱም ለሚያቅፉት የሚስማማው ተመራርጠው የተጣመሩ ጥንዶችን ለይቶ ማኖር ነው።

በአገራችን ውኃዎች

ትሬዋቫስ በኢትዮጵያ ዓሦች ላይ ያላቸው አሻራ ከሚገመተው በላይ ነው። በ1933 በሩዶልፍ ሐይቅ፣ በዛሬው ቱርካና፣ መካከለኛ ደሴት ላይ ካለው የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ የተገኘውን ዓሣ ቩልካኒ ብለው ሰየሙት። በ1983 መጽሐፋቸው ቩልካኒ የኒሎቲከስ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ኦሞ የሚገባበትን የቱርካናን ቆሮሶ ይወክላል። በዚያው መጽሐፍ ኒሎቲከስን ለሰባት ንዑስ ዝርያዎች ከፍለውታል። ከእነዚህ መካከል ካንሴላተስ የአዋሽንና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ዓሣ የሚመለከት ሲሆን፣ ፊሎአ የተባለው በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውኃዎች ውስጥ የሚኖረውን ይመለከታል። ፊሎአን የሰየሙት እሳቸው ናቸው። ስሙም ከቦታው የተወሰደ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ፍል ውኃ የሚለው ቃል ወዲያው ይታወሰዋል።

ዳናኪሊያም በዚሁ መጽሐፍ ርእስ ላይ ስፍራ አግኝታለች። ይህች ትንሽ ዓሣ የምትኖረው በአፋር ክልል በጨዋማው አፍዴራ ሐይቅ ነው። ፍራንኬቲ በ1928 እና በ1929 ወደ ደንከል ባደረጉት ጉዞ ተሰብስባ በ1931 በቪንቺጉዌራ ስም ወጣላት። በ1969 ቴይስ ራሷን የቻለች ወገን አደረጓት፤ ትሬዋቫስም ይህንኑ ተቀብለው በዝርዝር አጠኗት። በ2010 ከአባዔድ ሐይቅ ሁለተኛ ዝርያ ተገልጿል። መላው ወገን የሚኖረው በእንዲህ ያለ ጠባብና ጠንካራ አካባቢ ስለሆነ የአንድ ሐይቅ ጉዳት የአንድ ዝርያ ፍጻሜ ሊሆን ይችላል።

ከትሬዋቫስ መጽሐፍ በኋላ፣ በ1992፣ ስዩምና ኮርንፊልድ የዘረመል ማስረጃ ጨምረው የጣናን ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርገው ለዩት። እንዲህ ያለው ክፍፍል የስም ጨዋታ ብቻ የሚመስለው አለ። ነገር ግን ጫጩት ዓሣ ከአንዱ ተፋሰስ አንሥቶ በሌላው መጨመር በአገራችን የተለመደ ሥራ ነው። የአዋሽ ፍል ውኃ ዓሣ ሙቀትን፣ የጣናው ደግሞ የደጋውን ቅዝቃዜ የለመደ ነው። ከተዳቀሉ በኋላ አንዱን ከሌላው መልሶ መለየት አይቻልም። የጎረቤቶቻችን ሁኔታ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ በሰው እጅ የገቡ ሁለት የቆሮሶ ዘመዶች እርስ በርስ ተዳቅለዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ኒሎቲከስ ከገባ በኋላ፣ የናይል ፐርች ጉዳት ተጨምሮበት፣ የሐይቁ የራሱ የሆኑት ኤስኩሌንተስና ቫሪያቢሊስ ከዋናው ሐይቅ ሊጠፉ ተቃርበዋል። የቤት ገንዳ ንግድም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በማላዊ ሐይቅ ቱምቢ ምዕራብ በተባለች ደሴት ዙሪያ ዓሣ ላኪ ነጋዴዎች ከሌላ ዳርቻ አምጥተው የለቀቋቸው ዝርያዎች ተራብተው ይኖራሉ፤ ከነባሮቹ ጋር መዳቀላቸውም ተመዝግቧል። በገንዳ ውስጥ የሚራቡ የተለያዩ አውሎኖካራዎች አብረው ከተያዙ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዳቀላሉ፤ እንስቶቻቸው ግራጫና ተመሳሳይ በመሆናቸው ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ግልገሎቹ አድገው ቀለም ሲያወጡ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1972 ትሬዋቫስ ከግሪንና ከኮርቤት ጋር ስለ ካሜሩን የባሮምቢ ምቦ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ዓሦች አሳተሙ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው በዚህ ሐይቅ ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አንድ ሲክሊዶች ይኖራሉ። ዲኩሜ፣ ፒንዱ፣ ሚያካ የሚሉት ሳይንሳዊ ስሞች የሐይቁ አጥማጆች ለዓሦቻቸው የሚጠቀሙባቸው ስሞች ናቸው። ዲኩሜ ኦክስጅን በሚያንስበት ጥልቅ ውኃ የሚመገብ ሲሆን ደሙ ለዚህ የሚስማማ ብዙ ሄሞግሎቢን አለው።

በ1984፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ በፈረንሳይ የአኳሪየም መጽሔት ላይ አውሎኖካራ ሜይላንዲ የተባለውን ዓሣ ገለጹ። ዓሣው በገንዳ አርቢዎች ዘንድ በግንባሩ ቢጫ መስመር የታወቀ ሲሆን፣ የተሰየመውም ሃንስ ማይላንድ ለተባሉ ጀርመናዊ የገንዳ ዓሣ አርቢ ነው። አንድ የሙዚየም ሊቅ የአርቢዎችን መጽሔት መምረጣቸው በዘመኑ በሁሉም ዘንድ የሚወደስ አልነበረም። እኔ ግን ከሥራቸው አካሄድ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ። ዓሣው ሕያው ሆኖ፣ ከነቀለሙ፣ ተባዕቱ ከእንስቷ ተለይቶ የሚታየው በገንዳው ውስጥ ነው። በ1989 ደግሞ ከዴቪድ ኤክልስ ጋር የማላዊ ሐይቅን ሲክሊዶች ወገኖች እንደገና ያደራጀውን መጽሐፍ አወጡ። ሐፕሎክሮሚስ በሚለው ስም ተከማችተው የነበሩት የሐይቁ ዝርያዎች ዛሬ በብዙ ወገኖች ተከፋፍለው የሚጠሩት ከዚህ መጽሐፍ ወዲህ ነው።

ትሬዋቫስ በ1993 አረፉ። በስማቸው ከተጠሩት ዓሦች ሁሉ የታወቀው ጄፍሪ ፍራየር በ1956 የገለጹት ላቤኦትሮፊየስ ትሬዋቫሴ ነው። በድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ እየፋቀ የሚበላ፣ አፉ ከአፍንጫው በታች የሆነ የማላዊ ሐይቅ ዓሣ ሲሆን በብዙ አገሮች ገንዳዎች ውስጥ ይራባል። ከተባዕቶቹ ብዙዎቹ ሰማያዊ ሲሆኑ፣ ከእንስቶቹ መካከል ብርቱካናማ ሆነው ጥቁር ጠቃጠቆ ያለባቸው ይገኛሉ። በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት በማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች ዘንድ ይህን ብርቱካናማ ጠቃጠቆ የሚያመጣው ዘረመል እንስትነትን ከሚወስነው ጋር በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ጠቃጠቆ የያዘ ተባዕት አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።